የቱ ሃን ሺን?

አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በእኛ አገር ሲገናኙ «ሞክሼ!» ይባባላሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በስም መጠራራት ይቀራል፤ ሞክሼ ለሞክሼው ሰላምታ ያበዛል፣ ቡና ይጋብዛል፣ በሠርግና በለቅሶ ይፈልገዋል። ሳይዋለዱ የሚዛመዱበት መንገድ ነውና እወደዋለሁ። አስቸጋሪው ያልተገናኙት ሞክሼ ነው። እሱ በሠራው አንተ ትወቀሳለህ፤ አንተ በደከምክበት እሱ ይመሰገናል፤ ሁለታችሁም አታውቁም።

እኔ ከእንዲህ ያለው ሞክሼ ጋር የተዋወቅሁት በጋዜጣ ላይ ነው። አንድ ባንክ ዕዳቸውን ያልከፈሉ ደንበኞቹን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ማስታወቂያ አወጣ። በሠንጠረዡ ውስጥ ከተዘረዘሩት ተበዳሪዎች አንዱ በስም እኔው ነኝ፤ የአባቴ ስም አለ፣ የአያቴም አለ። የሚሸጠው ቤት ያለው ሐዋሳ ነው። እኔ ሐዋሳ ቤት የለኝም፤ ከባንክ ተበድሬም አላውቅም። ሠንጠረዡን እስከ መጨረሻው ዓምድ ያነበበ ግን አልነበረም። ሰው ስሜን አየ፣ በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ በቴሌግራም ላከ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ያ ሰሞን ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ገንዘቡን ለመውሰድ ዋስ መጥራት ነበረብኝ፤ ዋስ ሊሆነኝ ቃል የገባልኝ ባልደረባዬ ስልኩን ማንሳት ተወ። የዕቁቡ ዳኛ ጨዋ ሰው ናቸውና «ልጄ፣ ነገሩ እስኪጣራ ገንዘቡ እኔ ዘንድ ይቆይልህ» አሉኝ። አከራዬ የቤት ኪራዩን አስቀድሜ እንድከፍል ጠየቁኝ። ወደ ባንኩ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የእናቴን ስም ጠይቃ ኮምፒውተሯን አየችና «እርስዎ አይደሉም» አለችኝ። «እንግዲያው አለመሆኔን በጽሑፍ ስጡኝ» ብል ለዚህ የሚሆን ደብዳቤ የለም። ወደ ኃላፊዋ፣ ከኃላፊዋ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተመልሼ ወደ መስኮቱ። ሰው ተበዳሪ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት በየመሳቢያው ሞልቷል፤ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ግን ማንም አልጻፈም።

ወሬው ደሴ እናቴ ዘንድ ቀድሞኝ ደርሷል። መጀመሪያ አንዲት የቀድሞ ጎረቤት ደወለችላት፤ እናቴ «ልጄ ዕዳ አይወድም» ብላ ስልኩን ዘጋች። ቀጥሎ የዕድራቸው ሰው ነገራት፤ ዝም አለች። በሦስተኛው የገዛ ወንድሟ ደወለ። እናቴ ከቆመችበት ተቀመጠች። ከዚያ «የሚሸጠው ቤት የት ነው ይላል?» ብላ ጠየቀችው። «ሐዋሳ» አላት። «ሐዋሳ ምን ቤት አለው? ሌላ ሰው ነው» አለችና ቡናዋን ወደ ማፍላቷ ተመለሰች።

ይህን ታሪክ ቻይና አገር ተምሮ ለመጣ አንድ ወዳጄ አጫወትኩት። አዳምጦኝ ሲያበቃ «እናትህ ከዜንግ ሼን እናት በለጠች» አለኝ። ዜንግ ሼን ማን እንደሆነ ልጠይቅ ገብቼ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከቻይናና ከኮሪያ ሞክሼዎች መካከል አልወጣሁም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዜንግ ሼን የኮንፊሽየስ ደቀ መዝሙር ነበር። የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ505 ነው። ቻይናውያን ወላጅን ስለማክበር የጻፉት ታላቅ መጽሐፍ ከእሱ እንደመጣ ይነገራል። ፌይ በምትባል ስፍራ ሲኖር፣ ከእሱው ወገን የሆነ፣ ስሙም ያው ዜንግ ሼን የተባለ ሌላ ሰው ነፍስ አጠፋ። አንዱ ሮጦ ለደቀ መዝሙሩ እናት ልጇ ሰው መግደሉን ነገራት። ልጄ ሰው አይገድልም ብላ ሽመናዋን ቀጠለች። ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ነገራት፤ አሁንም ሽመናዋን ቀጠለች። ሦስተኛው መጥቶ ያንኑ ሲደግም መወርወሪያዋን ጥላ፣ በአጥር ዘልላ ሸሸች።

ታሪኩን ለንጉሥ የተናገረው ጋን ማኦ የተባለ የቺን መንግሥት ሹም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ308 ንጉሥ ዉ፣ ዪያንግ የምትባለውን ከተማ እንዲወጋ ሲያዘው፣ ሹሙ ከዘመቻው አስቀድሞ ይህን ነገረው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ የዜንግ ሼን እናት ልጇን የምታውቀውን ያህል ንጉሡ እሱን አያውቀውም፣ የሚያሙት ሰዎችም ከሦስት ይበልጣሉ። ንጉሡ ሐሜት እንደማይሰማ ቃል ገባለት። ከበባው አምስት ወር ሲፈጅ ሐሜተኞቹ መጡ፣ ንጉሡም ሹሙን ሊመልሰው ፈለገ። ጋን ማኦ ቃል የተጋቡበትን ስፍራ ስም ብቻ አስታወሰው። ንጉሡ ተጨማሪ ጦር ላከ፤ ከተማዋም በ307 ተያዘች።

ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሁሉ ወሬ ሦስት ጊዜ ሲደገም እውነት ይመስላል የሚለውን ትምህርት ይወስዳል። እኔ ግን ወሬውን ይዘው ወደሄዱት ሦስት ሰዎች እመለሳለሁ። ሦስቱም ውሸታሞች አልነበሩም፤ ዜንግ ሼን የሚባል ሰው በእርግጥ ገድሏል። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ የቱ ዜንግ ሼን?

ያቺ ጥያቄ የጎደለችበት ሌላም ቦታ አለ። የምዕራባዊቷን ርዕሰ ከተማ ወጎች የሚሰበስብ አንድ የቆየ የቻይና መጽሐፍ፣ በዱሊንግ ይኖር ስለነበረ ቺዩ ሁ ስለተባለ ሊቅ ያወራል። ጥንታዊ መጻሕፍትን የተማረ፣ እጅ ጽሑፉም ያማረ ሰው ነበር። አንድ ሹም የወንድሙን ልጅ ሊድርለት ሲያስብ ሰዎች ተው አሉት፤ ቺዩ ሁ ሚስቱን አሳፍሮ ወንዝ ውስጥ ያስገባ ሰው ነው ተባለ። ያ ቺዩ ሁ ግን ከብዙ ዘመን በፊት በሉ አገር የኖረ ሌላ ሰው ነው። ከሠርጉ በኋላ ለሹመት ርቆ ሄደ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለስ በመንገድ የእንጆሪ ቅጠል የምትለቅም ሴት አይቶ በወርቅ ሊያማልላት ሞከረ። እሷ ባሌን እጠብቃለሁ ብላ አባረረችው። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ያቺው ሴት ሆና ተገኘች፤ እሷም ከኀፍረት የተነሳ ራሷን ወንዝ ጣለች። የዱሊንጉ ሊቅ በሌላ ዘመን በኖረ ሞክሼው ኃጢአት ሚስት ሊያጣ ነበር።

በዚያ የነበረ አንድ አስተዋይ ሰው ግን ለሊቁ ጠበቃ ሆነለት። ሁለቱን ዜንግ ሼኖች አስታወሰ፤ በዣዎ አገር የነበሩትን ሁለት ማኦ ሱዪዎችም ጨመረ። ማኦ ሱዪ የፒንግዩዋን መስፍን ታዋቂ ባለሟል ነበር። አንድ ቀን ማኦ ሱዪ ጉድጓድ ገብቶ ሞተ የሚል ወሬ ለመስፍኑ ደረሰው፤ መስፍኑ ሰማይ ተደፋብኝ ብሎ ጮኸ። ሲጣራ የሞተው የገጠር ሰው የሆነ ሌላ ማኦ ሱዪ ነው። ይህችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ወደ እሷ እመለስባታለሁ።

ከሁሉም የበለጠ ያስደነቁኝ ሁለቱ ሃን ሺኖች ናቸው። የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች ሊዩ ባንግ ዙፋኑን የያዘው በጦር መሪው በሃን ሺን ብልሃት ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ወገን፣ ስሙ በቻይና ፊደል ሲጻፍ አንድም ልዩነት የሌለው ሌላ ሃን ሺን ነበር፤ ይኸኛው የድሮው የሃን አገር ነገሥታት ዘር ነው፣ ሊዩ ባንግም የአያቶቹን ንግሥና መልሶለት ነበር። ንጉሡ ሃን ሺን በሰሜን ድንበር በሺዮንግኑ ፈረሰኞች ሲከበብ ወደ እነሱ ዞረ፤ ሊዩ ባንግም እሱን ተከትሎ ሲዘምት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ200 ባይዴንግ ላይ ተከበበ። የጦር መሪው ሃን ሺን ደግሞ ከንግሥና ወደ ዝቅተኛ ማዕረግ ወርዶ በጥርጣሬ ይኖር ነበር። ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 ተገደሉ። ጦር መሪው በቤተ መንግሥት ውስጥ በንግሥቲቱ ትእዛዝ፣ ንጉሡ በጦር ሜዳ። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺያን ለእያንዳንዳቸው የተለየ ምዕራፍ ሰጥቶ አንዱን «የሃን ንጉሥ ሺን»፣ ሌላውን በወረደበት ማዕረግ «የኋይዪን መስፍን» ብሎ ጻፋቸው። ያ ጥንቃቄ ባይኖር የአንዱ ክህደት በሌላው አንገት ላይ ታስሮ ይቀር ነበር።

ሞክሼ ለምን እንዲህ በዛ? አንዱ ምክንያት ስሙ አጭር መሆኑ ነው። የቤተሰብ ስም አንድ ፊደል፣ የራስ ስም አንድ ፊደል የመሆኑ ልማድ በሃን ዘመን እየጠነከረ መጣ። ሥልጣኑን ነጥቆ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ9 እስከ 23 የገዛው ዋንግ ማንግ ደግሞ የራስ ስም ከአንድ ፊደል እንዳይበልጥ አዘዘ። የልጅ ልጁ ዙፋን ተመኝተሃል ተብሎ ራሱን ሲያጠፋ፣ ዋንግ ማንግ የሟቹን ስም ወደ ቀድሞው ሁለት ፊደል በመመለስ ቀጣው። እሱ ቢወድቅም ልማዱ በሦስቱ መንግሥታት ዘመን ሁሉ ጸና፤ ጥቂት የቤተሰብ ስሞች ከጥቂት መልካም ቃላት ጋር ሲጋቡ ሞክሼ መወለዱ የማይቀር ነው።

ዋንግ ማንግን የጣለውም የሞክሼ ነገር ያለበት ታሪክ ነው። ሊዩ ሺዩ የሚባል ሰው ይነግሣል የሚል ትንቢት ተሰራጭቶ ነበር። በጊዜው ታዋቂው ሊዩ ሺዩ የዋንግ ማንግ ታላቅ ሹምና ሊቅ ነው፤ የመጀመሪያ ስሙ ሊዩ ሺን ሲሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6 ለውጦታል። በዋን ከተማ በአንድ ጨዋታ ላይ ትንቢቱ ሲነሳ፣ አንዱ ሊቁን ሊዩ ሺዩን ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ከተቀመጡት መካከል የነበረ አንድ ወጣት እኔን አለመሆኑን በምን ታውቃላችሁ ቢል ሁሉም ሳቁ። ወጣቱም ስሙ ሊዩ ሺዩ ነበር። ሊቁ በ23 በዋንግ ማንግ ላይ ያሴረው ሴራ ከሽፎ ራሱን አጠፋ፤ ወጣቱ በ25 ነገሠ፣ የሃን ሥርወ መንግሥትንም መልሶ አቋቋመ።

በሦስቱ መንግሥታት ዘመን ደግሞ ስማቸው ብቻ ሳይሆን ሲጎለምሱ የወጣላቸው ሁለተኛ ስምም አንድ የሆነ ሁለት ሊዩ ዳይዎች አሉ። አንዱ የየን አውራጃ ገዥ ሲሆን በ192 ከዓመፀኞች ጋር ሲዋጋ ሞተ። ሌላው ሳኦ ሳኦ የተባለው የጦር አለቃ መኮንን ነው። የዘመኑን ጦርነት የሚተርከው ታላቁ ልብ ወለድ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሞተውን ገዥ ለሳኦ ሳኦ አሳድሮታል። ማ ዦንግ የሚባሉም ሁለት ነበሩ። የዉ መንግሥቱ ማ ዦንግ በ220 መባቻ ላይ ዝነኛውን የሹ መንግሥት ጀግና ጓን ዩን የማረከ ነው፤ ስለ እሱ በታሪክ የተጻፈው ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሌላው ማ ዦንግ የሹ ሰው ነው፤ ደቡቡን አገር በፍትሕ ስላስተዳደረ በ249 ሲሞት የደቡብ ሕዝቦች አልቅሰው ቤተ መቅደስ ሠሩለት። የሹን ጀግና የማረከውና ሹን ያገለገለው በአንድ ስም ይጠራሉ።

ሰዎች መላ አላጡም። ቻይናውያን ለጎለመሰ ሰው ሁለተኛ ስም ያወጡ፣ የትውልድ ስፍራውን ይጠሩ፣ ሹመቱን ያክሉ ነበር። እኛም ካሳ ኃይሉንና ካሳ ምርጫን፣ ማለት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ የሆኑትን፣ አባ ታጠቅና አባ በዝብዝ ብለን በፈረስ ስማቸው ለይተናል። በታንግ ሥርወ መንግሥት ቤተ መንግሥት ሁለት ሊ ዪ በአንድ ጊዜ ሲያገለግሉ፣ ሰው ገጣሚውን «የጽሑፉ ሊ ዪ» ይለው ነበር።

ከሁሉም የማደንቀው የሃን ሆንግን ታሪክ ነው። ሃን ሆንግ የተባለ ገጣሚ በሽምግልናው በአንድ የክፍለ ሀገር ገዥ ቢሮ ውስጥ ሲሠራ፣ ወጣት ባልደረቦቹ ስለናቁት ታምሜያለሁ እያለ ቤቱ ይውል ነበር። አንድ እኩለ ሌሊት ወዳጁ በሩን አንኳክቶ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ አርቃቂ ሆነህ ተሾመሃል አለው። ሃን ሆንግ ተሳስታችኋል አለ። ወዳጁ ግን ነገሩን አብራራለት። ከ779 ጀምሮ የነገሠው ደዞንግ ለሥራው ሃን ሆንግን ሲመርጥ፣ በዚያን ጊዜ ሃን ሆንግ የሚባል ሌላ አውራጃ ገዥ ስለነበረ ጸሐፊዎቹ የሁለቱንም ስም አቀረቡለት። ንጉሠ ነገሥቱ ገጣሚው ስለ አንድ የፀደይ በዓል የጻፈውን ግጥም በእጁ ጽፎ ለዚህኛው ሃን ሆንግ ስጡ አለ። ሰውን ከሞክሼው ለመለየት ሥራውን ከመጥራት የበለጠ ክብር አላውቅም።

በኮሪያ ደግሞ የጃፓንን ወራሪ መርከቦች የሰበረው ታላቁ የባሕር ኃይል አዛዥ ዪ ሱን ሺን በሥሩ ዪ ሱን ሺን የሚባል መኮንን ነበረው። አዛዡ በ1545፣ መኮንኑ በ1554 ተወለዱ። በዘመናቸው ስማቸው በቻይና ፊደል ሲጻፍ ይለያል፤ ዛሬ በኮሪያ ፊደል ሲጻፍ ግን አንድ ነው። በ1598 መጨረሻ በኖሪያንግ ባሕር ላይ ሁለቱም ተዋጉ፤ አዛዡ በዚያ ውጊያ በጥይት ተመትቶ ሞተ፣ መኮንኑ እስከ 1611 ኖረ። ታላቅ ሐውልት የቆመለት አንዱ ነው። ሌላው በዚያው ባሕር ላይ፣ በዚያው ቀን፣ ለዚያችው አገር ተዋግቶ በሞክሼው ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ሞክሼነትን መርጦ የገባበትም አለ። ሊን ሺያንግሩ የዣዎ መልእክተኛ ሆኖ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ283፣ የቺን ንጉሥ በ15 ከተሞች እለውጣችኋለሁ ያለውን ውድ የከበረ ድንጋይ ከተንኮሉ አድኖ ወደ አገሩ የመለሰ ሰው ነው። ከ100 ዓመት ያህል በኋላ በቼንግዱ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ወላጆቹ ቡችላ እንደማለት ያለ የቁልምጫ ስም ሰጡት። ልጁ ተምሮ ሲያድግ የመልእክተኛውን ታሪክ ወደደና ስሙን ሺያንግሩ አለ። ይህ በሃን ዘመን ከገጣሚዎች ሁሉ የላቀው ሲማ ሺያንግሩ ነው። ስሙን እንደ አደራ ወስዶ፣ በሌላ ሙያ አከበረው።

የእኔ ጉዳይ በመጨረሻ የተፈታው በደብዳቤ አልነበረም። የዕቁቡ ዳኛ ጋዜጣውን አስመጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በማኅበሩ ፊት ሠንጠረዡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓምድ አነበቡ፤ ከተማውን፣ ቀበሌውን፣ የቤቱን ስፋት። «ይህ የእኛ ልጅ አይደለም» አሉ። ሰዉ እፎይ አለ፤ ዋሴም መጥቶ ፈረመልኝ። ሁሉም ደስ ብሎት ሲበተን እኔ ስለ ሌላው አሰብኩ። ሐዋሳ ውስጥ የእኔን ስም፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም የያዘ አንድ ሰው ቤቱን እያጣ ነው። ልጆች ይኖሩታል። እሱም እናት አለችው፤ ለእሷም ይደወልላታል፤ እሷ የቤቱን ከተማ ብትጠይቅ መልሱ አያጽናናትም።

ወደዚያች ዐረፍተ ነገር የምመለሰው አሁን ነው። መስፍኑ የሞተው የእሱ ማኦ ሱዪ አለመሆኑን አወቀ። ጉድጓድ ውስጥ ግን ማኦ ሱዪ የተባለ ሰው ሞቷል። እሱን ማን አለቀሰለት? ታሪክ ያስታወሰው ባለሟሉን ለማዳን ብቻ ነው። አዛዡን ተከትሎ የተዋጋው መኮንን፣ ገጣሚው ሲሾም ያልተሾመው አውራጃ ገዥ፣ ሁሉም «ሌላው» ሆነው ቀሩ።

ለዚህ ነው የሊያንግ ንጉሠ ነገሥት የነበረው ሺያው ዪ ያዘጋጀው መዝገብ ትልቅ ሥራ የሚመስለኝ። በ508 የተወለደው ይህ ንጉሥ መጽሐፍ ወዳድ ነበር፤ ከሥራዎቹ አንዱ ከጥንት እስከ ዘመኑ አንድ ስም የነበራቸውን ሰዎች የሚመዘግብ ነው። በ554 ዋና ከተማው ጂያንግሊንግ በምዕራብ ዌይ ጦር እጅ ሲወድቅ 140,000 ጥቅል መጻሕፍቱን በእሳት አጋየ፤ ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። የሞክሼዎቹ መዝገብ ግን በኋላ ሰዎች ጭማሪ ተደርጎበት እስከ ዛሬ ደርሷል። በቺንግ ዘመን ደግሞ ዋንግ ሁዪዙ፣ ከ1731 እስከ 1807 የኖረውና ከ30 ዓመት በላይ ለዳኞች የሕግ አማካሪ ሆኖ የሠራው ሰው፣ ከዘጠኝ የታሪክ መጻሕፍት ሞክሼዎችን ለቅሞ ሌላ መዝገብ ሠራ። ሰው በሞክሼው ፈንታ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን እንደሚሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

በእንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ ዝነኛውና ያልታወቀው በአንድ ስም ሥር ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ለሌላው መለያ ሆኖ አይቀርም። እኔም የምለምነው ይህንን ነው። የሰው ስም ለሕዝብ የሚያወጣ ተቋም ሰውየውን ከሞክሼዎቹ የሚለይ ነገር አብሮ ያውጣ፤ ተሳስቶ የተጠረጠረ ቢመጣም «አይደለም» ብሎ ይጻፍለት። ወሬ የሚሰማ ሁሉ ከማመኑም ከማስተላለፉም በፊት «የቱ?» ብሎ ይጠይቅ። የእኛ ሰው አለመሆኑን ስናውቅም ጥያቄያችንን አንዝጋ፤ ለተነገረበት ለዚያ ለሌላው ሰው ደግሞ ምን ደረሰበት እንበል።